አገልጋዩ ጌታውን የተካበት ታሪክ፦ ፍላሽ፣ ካሽ እና የዘገየው ኮምፒውተር

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ለገበያ አቀረበ። አዲሱ ሲስተም ለዓይን ያማረ ነበር፤ መስኮቶቹ እንደ መስታወት ከኋላቸው ያለውን ያሳዩ ነበር። ግን ከባድ ነበር። ኩባንያው 512 ሜጋባይት ራም ይበቃል ብሎ ነበር፤ በዚያ ልክ የጫነው ሰው ግን አንድ ፕሮግራም በከፈተ ቁጥር ሃርድ ዲስኩ ሲንኳኳ እየሰማ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

ቪስታ ታዲያ አንድ ደስ የሚል ተስፋም ይዞ መጣ። ኪስህ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ ሰካ፣ ኮምፒውተርህ ይፈጥናል የሚል። ስሙ ሬዲቡስት ይባላል። ኮምፒውተር መፍታት የለም፣ ባለሙያ መጥራት የለም፣ አዲስ ራም መግዛት የለም።

ተስፋው ግማሽ እውነት ነበር። ከዚህች ግማሽ እውነት ጀርባ ደግሞ የ60 ዓመት ታሪክ አለ፦ ማን ፈጠረ፣ ማን አተረፈ፣ ማንስ እጁ ላይ ያለውን ሳያውቅ ቀረ የሚል ታሪክ።

ከምድጃ እስከ ሩቅ ገበያ

ካሽ ሲባል የገንዘቡ ካሽ አይደለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መደበቂያ፣ ማስቀመጫ ማለት ነው። ሐሳቡን ለመረዳት ማጀት መግባት ይበቃል።

አንዲት እናት ወጥ እየሠራች ነው እንበል። ጨው ከምድጃው አጠገብ ካለ እጇን ዘርግታ ታነሳለች። ከሌለ ጓዳ ትገባለች። ጓዳም ካለቀ ልጅ ወደ ጉሊት ትልካለች። ጉሊትም ከጠፋ ሩቅ ገበያ መሄድ ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ከምድጃው አጠገብ ያለችው የጨው ዕቃ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሜሞሪ ናት። ጓዳው ራም ነው። ሩቁ ገበያ ሃርድ ዲስኩ ነው። ለረጅም ዘመን መሐል ላይ ጉሊት አልነበረም።

ርቀቱን በቁጥር እንየው። ራም የተጠየቀውን ለመስጠት 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጥሩ ፍላሽ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። እነዚህ ቁጥሮች ለሰው አይገቡም፤ ስለዚህ እናስፋቸው። የራሙን ጊዜ አንድ ሰከንድ ብናደርገው፣ ፍላሹ 17 ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ሃርድ ዲስኩ ግን 28 ሰዓት ያህል ያስጠብቃል። ጨው ፍለጋ የወጣው ልጅ በማግስቱ ነው የሚመለሰው።

ይህን ርቀት ለማጥበብ የተሻለውን ሐሳብ በጽሑፍ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሞሪስ ዊልክስ ናቸው። በ1965 ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ከትልቁና ከዘገምተኛው ሜሞሪ ፊት አንዲት ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ ትቀመጥ፣ በቅርቡ የተፈለገውንም ታስቀር አሉ። ይህችን ሜሞሪ የጠሯት «ባሪያ ሜሞሪ» ብለው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ አይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 85 በሚባለው ትልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ሐሳቡን ተግባራዊ አደረገው፤ ካሽ የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ተለመደ።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ፕሮግራም እንደ ሰው ልማድ አለው። አሁን የፈለገውን ነገር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ይፈልገዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል ለኮምፒውተርም ይሠራል። የዊልክስ ስያሜ ግን ይታሰብ፤ በኋላ ትርጉም ይኖረዋል። ካሽ አገልጋይ ነው። ጌታው ሌላ ነው።

ያልሮጠው ዲስክ

የአይቢኤም ራማክ በ1956 ሲወጣ የመጀመሪያው የንግድ ሃርድ ዲስክ ነበር። 50 ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ 5 ሚሊዮን ፊደላት ይይዛል፤ አንድ ቦታ ለማግኘት በአማካይ 600 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በ2007 ሂታቺ የመጀመሪያውን የአንድ ቴራባይት ዲስክ ለገበያ አወጣ። በ51 ዓመት ውስጥ ዲስክ የሚይዘው መጠን 200 ሺህ እጥፍ ገደማ አደገ። ፍጥነቱስ? ከ600 ሚሊሰከንድ ወደ 10 ገደማ ወረደ። 60 እጥፍ ብቻ።

ምክንያቱ መካኒካዊ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ ነው። የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ዙር ብቻ 11 ሚሊሰከንድ ነው። የሚፈለገው መረጃ ዞሮ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ሳህኑን ከዚህ እጅግ አፍጥኖ ማሽከርከር ደግሞ ሙቀት፣ ድምፅና ወጪ ያመጣል። በነዚያ ዓመታት ፕሮሰሰሩ ብዙ ሺህ እጥፍ ፈጥኗል። ስለዚህ ኮምፒውተር ባደገ ቁጥር የሚጠብቀው ጊዜ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። በመሐሉ ጉሊት የሚሆን ነገር ያስፈልግ ነበር። ያ ነገር ደግሞ ከብዙ ዓመታት በፊት ተወልዶ ነበር።

ፍላሽ የተባለው ለምንድን ነው?

መብራት ሲጠፋ የማይረሳ ሜሞሪ መሠረቱ በ1967 በቤል ላብራቶሪ ተጣለ። ትውልደ ኮሪያዊው ዳዎን ካንግ እና ሳይመን ዜ ኤሌክትሪክ ዙሪያውን በታጠረ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተይዞ እንዲቀር የሚያደርግ መንገድ አገኙ። በ1971 በኢንቴል የሚሠሩት እስራኤላዊው ዶቭ ፍሮማን ይህን ሐሳብ ለሽያጭ የሚበቃ ቺፕ አደረጉት። የሳቸው ቺፕ የሚደመሰሰው ግን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለብዙ ደቂቃ ሲመታ ነበር። ፍሮማን ፈጠራቸው ኢንቴልን ማክበር በጀመረበት ሰዓት ሥራቸውን ትተው ወደ ጋና ሄዱ፤ ኩማሲ በሚገኘው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና አስተማሩ። ከዚያ ተመልሰው ኢንቴል በሃይፋ ማዕከል እንዲከፍት አደረጉ።

የመጨረሻውን እርምጃ የወሰዱት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። በ1971 ቶሺባ የገቡት እኚህ መሐንዲስ ቺፑን ጥቂት በጥቂት ከመደምሰስ ይልቅ ሰፊ ክፍሉን በአንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ መደምሰስ ቢቻል ብለው አሰቡ። በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ላይ አቀረቡት። አንድ የሥራ ባልደረባቸው ሁሉም በአንድ ቅጽበት ሲደመሰስ የፎቶ ካሜራ ብልጭታ ይመስላል በማለት ስም አወጡለት፦ ፍላሽ። ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ተማሪ ጓደኛውን «ፍላሽ ይዘሃል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠራው ያንን የካሜራ ብልጭታ ነው።

ማሱኦካ በ1987 ደግሞ ናንድ የሚባለውን ዓይነት አቀረቡ። ይህኛው ብዙ መረጃ በትንሽ ቦታ፣ በትንሽ ዋጋ የሚይዝ ነው። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ የሚሽከረከረውን ዲስክ መተካት። ረዳት ሊሆንለት ሳይሆን ሊያስወጣው ነበር የታሰበው።

ቶሺባ ግን ያን ያህል አልተደነቀም። ማሱኦካ ለፈጠራቸው ከኩባንያው ያገኙት ጉርሻ ጥቂት መቶ ዶላር እንደነበር በኋላ ተጽፏል። በ1988 ፍላሽን በሰፊው ለንግድ ያወጣው ኢንቴል ሆነ። በናንድ ገበያም የኮሪያው ሳምሰንግ ቶሺባን ቀድሞ መሪ ሆነ። ማሱኦካ በ1994 ቶሺባን ለቀው በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ።

ጉሊቷ ተከፈተች

በ2000ዎቹ አጋማሽ ካሜራና የሙዚቃ ማጫወቻ ፍላሽን በብዛት ስለፈለጉት ዋጋው በፍጥነት ወረደ። አንድ ጊጋባይት ፍላሽ ከአንድ ጊጋባይት ራም ረከሰ። ከሃርድ ዲስክ ግን አሁንም እጅግ ውድ ነበር። ይህ መሐል ላይ ያለ ዋጋና መሐል ላይ ያለ ፍጥነት ፍላሽን ለካሽነት አመቻቸው።

የሬዲቡስት አሠራር ብልሃት ያለው ነበር። ሃርድ ዲስክ የሚሸነፈው በተበታተኑ ትናንሽ ንባቦች ነው፤ ክንዱ ከቦታ ቦታ መዝለል አለበትና። አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ማንበብ ግን አያቅተውም፤ እንዲያውም የዚያን ጊዜዋን ርካሽ ፍላሽ ይቀድማል። ስለዚህ ዊንዶውስ ትናንሾቹን ከፍላሿ፣ ትልልቆቹን ከዲስኩ ያነብ ነበር። ፍላሿ ቢያንስ 256 ሜጋባይት መሆን ነበረባት፤ ከ4 ኪሎባይት የተበታተኑ ንባቦች በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ማቅረብ ካልቻለች ሲስተሙ አይቀበላትም። ፍላሿ ላይ ያለው ሁሉ ዋናው ዲስክ ላይም አለ፤ ድንገት ብትነቀል የሚጠፋ ነገር የለም። ብትሰረቅም መረጃው በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው።

ታዲያ ሠራ? አናንድቴክ የተባለው የኮምፒውተር መፈተሻ ገጽ 512 ሜጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ሞከረው። 11.7 ሰከንድ ይፈጅ የነበረ አንድ ሥራ በሬዲቡስት ወደ 2 ሰከንድ ወረደ። አስደናቂ ነው። ግን ያው ማሽን ያለ ምንም ፍላሽ ራሙ ብቻ ወደ አንድ ጊጋባይት ከፍ ሲደረግ ሥራው 0.8 ሰከንድ ሆነ።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ያጠረው ራም ነበር። ራሙ ሲሟላ ሕመሙ ጠፋ። ፍላሿ ማስታገሻ ነበረች፣ መድኃኒቱ ሌላ ነበር። ብዙ ተጠቃሚ ግን «ራም የምትጨምር ፍላሽ» ብሎ ነው የተረዳት። ራም ጨምራ አታውቅም። ሩቁን ገበያ ነው ትንሽ ያቀረበችው።

ትልልቆቹም ያው መንገድ ገቡ

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ኢንቴል ተርቦ ሜሞሪ የተባለውን አወጣ፤ በልማት ላይ ሳለ ሮብሰን ይባል ነበር። እስከ አንድ ጊጋባይት ፍላሽ ላፕቶፑ ውስጥ ይገጠማል፣ ለዲስኩ ካሽ ይሆናል። ኤችፒ እና ሶኒ ግን ላፕቶፖቻቸው ላይ አናደርገውም አሉ። የኤችፒ ስሌት ለዋጋው የሚመጥን ጥቅም አላገኘንበትም የሚል ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሮብሰን ተረሳ።

የዲስክ አምራቾችም ዝም አላሉም። ሲጌት በ2010 ሞመንተስ ኤክስቲ የተባለ ድብልቅ ዲስክ አወጣ፤ 500 ጊጋባይት ሳህን፣ 4 ጊጋባይት ፍላሽ። በ2011 ኢንቴል እስከ 64 ጊጋባይት ፍላሽን ለዲስክ ካሽ የሚያደርግ አዲስ ስልት ይዞ ተመለሰ። አፕል በ2012 ፊውዥን ድራይቭ ብሎ 128 ጊጋባይት ፍላሽና አንድ ቴራባይት ዲስክ እንደ አንድ አድርጎ አጣመረ። ይህኛው የተለመደ ካሽ እንኳ አልነበረም፤ ብዙ የሚፈለገውን መረጃ ራሱን ወደ ፍላሹ የሚያዛውር ነበር። በ2015 ግን የአንድ ቴራባይቱ ፍላሽ ወደ 24 ጊጋባይት ዝቅ ተደረገ። ስሙ ያው፣ ይዘቱ አምስት እጥፍ ያነሰ።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ግምት ነበር። ሃርድ ዲስኩ ጌታ ሆኖ ይቆያል፣ ፍላሽ ያገለግለዋል የሚል። ግምቱ ለዲስክ አምራች ተስማሚ ነው፤ ፋብሪካው አይዘጋም። ለኮምፒውተር ሻጭም ተስማሚ ነው፤ በትንሽ ወጪ አዲስ ስም ይሸጣል። ገበያው ግን ሌላ አቅጣጫ ይዞ ነበር።

በ2008 መጀመሪያ የወጣው የአፕል ማክቡክ ኤር በዲስክ ፈንታ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ሲመረጥለት 999 ዶላር ያስጨምር ነበር። ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ በፍላሽ መሥራት የሀብታም ቅንጦት ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ኢንቴል 80 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በ595 ዶላር አወጣ። በ2010 መጨረሻ አዲሱ ማክቡክ ኤር በሃርድ ዲስክ የሚሸጥበት አማራጭ ጭራሽ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ዋጋው መውረዱን ቀጠለ። ሙሉ ቤቱን በፍላሽ መሥራት በተቻለበት ዘመን አንዲት ክፍል ብቻ በፍላሽ የምትሠራበት ምክንያት ጠፋ። ዊንዶውስ 7 ራሱ ኮምፒውተሩ ፈጣን ኤስኤስዲ ካለው ሬዲቡስትን ያጠፋው ነበር።

ኢንቴል ግን ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። በ2017 ኦፕቴን ሜሞሪ በሚል ስም 16 እና 32 ጊጋባይት ካሽ ለገበያ አወጣ። ይህ ፍላሽ ሳይሆን ከማይክሮን ጋር የሠራው ሌላ ዓይነት ሜሞሪ ነበር፤ ከፍላሽም ይፈጥናል። ሥራው ግን ያው ነበር፤ የዘገየውን ሃርድ ዲስክ መደገፍ። ሰው ግን ዲስኩን ከመደገፍ ይልቅ ወደ መጣል ሄዶ ነበር። በ2022 ኢንቴል የኦፕቴን ሥራውን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ከክምችቱ ጋር በተያያዘ 559 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል።

ሐሳቡ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ውስጥ ስሌቱ ሌላ ነው። እዚያ እጅግ ብዙ መረጃ አለ፤ ሁሉን በፍላሽ ማስቀመጥ ውድ ነው፤ ሁልጊዜ የሚፈለገው ግን ጥቂቱ ነው። ፌስቡክ በ2010 ፍላሽካሽ የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። በ2013 ሊነክስ ራሱ ለዚሁ የሚሆኑ ሁለት መሣሪያዎችን በውስጡ አካተተ። እዚያ ጉሊቱ ዛሬም ይሠራል፤ ገበያው ከእውነት ሩቅ ነውና።

የቆጡን አወርድ ብላ

ወደ ማሱኦካ እንመለስ። በ2004 ቶሺባን ከሰሱ፤ አንድ ቢሊዮን የን ጠየቁ። በ2006 በስምምነት 87 ሚሊዮን የን ተከፈላቸው። በዚያው በ2006 ቶሺባ ዌስቲንግሃውስ የተባለውን የአሜሪካ የኑክሌር ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ገዛ። የወደፊቱ ሀብት እዚያ ነው ብሎ ነበር ያሰበው።

በ2017 ዌስቲንግሃውስ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቶሺባ በዕዳ ተያዘ። ከመውደቅ ለመዳን የሚሸጥ ዋጋ ያለው ነገር ሲፈልግ ያገኘው የፍላሽ ሜሞሪ ክፍሉን ነበር፤ ያ ጥቂት መቶ ዶላር ጉርሻ የተሰጠበትን ፈጠራ። በ2018 ለአንድ የባለሀብቶች ቡድን 2 ትሪሊዮን የን፣ ማለትም 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የተሸጠው ክፍል ዛሬ ኪዮክሲያ ይባላል፤ ስሙ ከጃፓንኛው «ትውስታ» እና ከግሪክኛው «ዋጋ» የተገጣጠመ ነው። ቶሺባ ራሱ በ2023 መጨረሻ፣ ከ74 ዓመት በኋላ፣ ከቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ ወጣ።

ዙሩ ሲገለበጥ

ዛሬ ጌታው ፍላሽ ነው። ጌታ የሆነ ሁሉ ደግሞ አገልጋይ ይፈልጋል። አሁን ያሉ ርካሽ ኤስኤስዲዎች ከራሳቸው ፍላሽ ከፊሉን ፈጣን አድርገው ለቀሪው ካሽ ያደርጉታል። አንዳንዶቹም የራሳቸው ራም ስለሌላቸው ከኮምፒውተሩ ራም ጥቂት ይበደራሉ። በ2007 ራም ስላጠረ ፍላሽ ትረዳ ነበር፤ አሁን ፍላሹ ከራም ይበደራል።

የሬዲቡስት ተስፋም አልሞተም፤ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በአዲስ አበባ የስልክ ሱቆችም ሆነ በሌላው ዓለም «16 ጊጋ ራም» ተብሎ በትልቁ የሚጻፍለት ስልክ አለ፤ ሲጠጋ በትንሹ «8+8» ይላል። የመጀመሪያው 8 ራም ነው። ሁለተኛው 8 ከስልኩ ማስቀመጫ ላይ የተቆረጠ ፍላሽ ነው። ሥራ ላይ ያልሆኑ መተግበሪያዎችን ለጊዜው ለማሳረፍ ይጠቅማል፤ ራም ግን አይደለም። ፍላሽ ደግሞ ሲጻፍበት ያልቃል፤ የሚችለው የጽሕፈት ብዛት የተወሰነ ነው።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ትምህርት ፍላሽ ጥሩ ናት ወይም መጥፎ ናት የሚል አይደለም። በመሐል የሚቆም መፍትሔ ዋጋ የሚኖረው ርቀቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። አምራቹ ርቀቱ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ የገዢው ጥቅም ደግሞ እንዲያጥር ነው። ስለዚህ «ያፈጥናል» የተባለ ነገር በቀረበ ቁጥር መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ያጠረው ምንድን ነው? ራም ከሆነ ራም፣ ዲስክ ከሆነ ዲስክ። በ2007 ያን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ፍላሿን ለፎቶው አስቀርቶ ራም ገዛ። ዛሬም አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ የሚማረር ሰው፣ ያጠረው ዲስኩ ከሆነ፣ መልሱ ማሱኦካ በ1987 ያሰቡት ነው፦ ዲስኩን መደገፍ ሳይሆን መተካት።